ዋንጫው አሶሳም ይድረስ

አብዛኛው ምሩቅ ወደ ተማረበት ዩኒቨርሲቲ የሚመለሰው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ለኦፊሻል ትራንስክሪፕት። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ይሰለፋል፣ የወጪ መጋራት ዕዳውን መጨረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል፣ ማኅተም ይመታለታል፣ ይሄዳል። ዓመታት የተኛበትን ዶርም ዞር ብሎ ልይ ቢል በር ላይ «መታወቂያ» ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ይህን ሰው የሚያውቀው በባለዕዳነቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምሩቃኑ እርስ በርሳቸው ግን አልተጠፋፉም። በቴሌግራም የ«ባች» ቡድን የሌለው ተመራቂ ማግኘት ይከብዳል። እዚያ ለታመመ ጓደኛ ማሳከሚያ ይዋጣል፣ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ለሠርግ ይጠራራሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ። በአንድ ከተማ የሚኖሩት ደግሞ ቀን ቆርጠው ቡና ይጠጣሉ፤ ሲጠነክሩ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። አንዳንዱ ለአካባቢው ትምህርት ቤት ደብተርና መጽሐፍ ያሰባስባል። አብዛኛው ግን ያየውም ያመሰገነውም ሳይኖር፣ ሰብሳቢው ሥራ ሲቀይር አብሮ ይበተናል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ማክበር አያውቁም ማለት አይደለም። ሐምሌ ሲመጣ ጋዋን ለብሶ፣ የክብር ዶክትሬት ተቀብሎ፣ በጭብጨባ የሚሸኝ ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለጥላሁን ገሠሠ የሰጠውን ክብር የሚነቅፍ የለም። ከዓለማያ፣ ከዛሬው ሐረማያ፣ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲቀበሉ፣ የሐረማያ ሰዎች «የኛ ልጅ» ብለው ቢኮሩ ይገባቸዋል። ችግሩ ክብሩ ሁሉ ለግለሰብ፣ ያውም ቀድሞ ስም ላወጣ ግለሰብ መሆኑ ነው። ፕሮፌሰሩ የሐረማያ ጭብጨባ ቢቀርባቸው የሚጎድልባቸው ነገር የለም። ጭብጨባው ሕይወት የሚዘራበት ቦታ ሌላ ነው፤ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የአካባቢ ክበቦች ዘንድ።

የምሩቃን ማኅበር በሌላው ዓለም እንዴት እንደተጀመረ ማየት ነገሩን ያቀልላል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ዊሊያምስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1821 ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። ቦታው ሩቅ ነው፣ ተማሪ አይመጣም በሚል ፕሬዚዳንቱ ዘፋንያ ስዊፍት ሙር ሥራቸውን ለቀው፣ የተወሰኑ ተማሪዎችን አስከትለው አምኸርስት ወደተባለ ከተማ ሄዱና አዲስ ኮሌጅ ከፈቱ። የቀሩት ምን ያድርጉ? የቀድሞ ተማሪዎች ተጠሩ፣ ተሰበሰቡ፣ ኮሌጃችን አይዘጋም ብለው ማኅበር መሠረቱ። ዊሊያምስ ዛሬም አለ፤ ማኅበሩም እስካሁን ካሉት የምሩቃን ማኅበራት ሁሉ አንጋፋው ነው። 

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየከተማው ተባዛ። የሃርቫርድ ምሩቃን በሚኖሩባቸው ከተሞች ክበብ አላቸው፤ የክበቦቹ አባላት ለዩኒቨርሲቲው የሚያመለክቱ ወጣቶችን በየአካባቢያቸው አግኝተው ያነጋግራሉ። እ.ኤ.አ. በ1910 የተጀመረ የመጽሐፍ ሽልማትም አላቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ አንድ ዓመት ለቀራቸው ጎበዝ ተማሪዎች ይሰጣል። አንድ መጽሐፍ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀውም ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። ዋናው የምሩቃን ማኅበር በበኩሉ በትጋት ያገለገሉ የክበብ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን፣ የተለየ ሥራ ያዘጋጁ ክበቦችን ራሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ይሸልማል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ለአንድ ክበብ የተሰጠ ሽልማት ሰብሳቢው ቢለወጥም እዚያው ይቀራል፤ ተተኪው ደግሞ «የኛ ጊዜ ከእነሱ አያንስም» ብሎ ይነሣል።

የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ልማድ ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በየዓመቱ ኤፕሪል 21 ቀን ከ300 በሚበልጡ ቦታዎች ይሰበሰባሉ፤ በዓመቱ ውስጥ የሞቱ ምሩቃን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ በሟች ፈንታ ወዳጅ ወይም ዘመድ «አቤት» ይላል። ዕድር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ድንኳንና ንፍሮ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን መሰባሰብ ኢትዮጵያዊ ከአሜሪካ መማር አያስፈልገውም፤ አደራጁ ከተባለ አፍታ አይፈጅበትም። የጎደለው ዩኒቨርሲቲው «አይቻችኋለሁ» የሚልበት መንገድ፣ ማለትም ለክበቦች የሚሰጥ ሽልማት ነው።

አሁን ይህን ማንሣት ጊዜው ነው የሚያሰኝ ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመንገዱ የመጀመሪያው ሆኗል። ራስን ማስተዳደር ገቢ መፈለግን ያመጣል፤ ገቢ ሲታሰብ ደግሞ ምሩቅ ትዝ ይላል። ሕንዶች ከዚህ ትልቅ ገንዘብ አግኝተዋል። የኢንፎሲስ መሥራች ከሆኑት አንዱ ናንዳን ኒሌካኒ እ.ኤ.አ. በ2023 ለተማሩበት የቦምቤይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት 3.15 ቢሊዮን ሩፒ ሰጥተዋል። በዚያው ዓመት የእ.ኤ.አ. 1998 ተመራቂዎች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ በጋራ 570 ሚሊዮን ሩፒ አዋጥተዋል። የኛዎቹ ፕሬዚዳንቶች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ወደ ዋሽንግተን ቢያማትር አይገርምም።

ክፋቱ ሽልማቱም ዓይኑን ተከትሎ ሊሄድ መቻሉ ነው። መስፈርቱ የገንዘብ መጠን ከሆነ የዋሽንግተን፣ የለንደንና የዱባይ ምሩቃን በየዓመቱ ዋንጫውን ይቀባበሉታል። በአሶሳ ስምንት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ተሰባስበው ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብና ፊዚክስ ያስጠናሉ እንበል፤ ሦስቱ መምህራን፣ ሁለቱ መሐንዲሶች፣ የቀሩት የባንክና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ከዋሽንግተን በተላከ አንድ ሺህ ዶላር ሥራቸው እንዴት ይመዘናል? በውጭ አገር ብዙ የምሩቃን ማኅበራት ክበቦችን በአባላት ብዛት ከፋፍለው፣ ትንሹን ከትንሽ ትልቁን ከትልቅ ጋር የሚያወዳድሩት ለዚህ ነው። እዚህም አንድ ክበብ ሊጠየቅ የሚገባው በአካባቢው ካሉት ምሩቃን ምን ያህሉን አሰባሰበ፣ ከእነሱስ ጋር ምን ሠራ የሚለውን ነው።

«ምን ሠራ» ለሚለው በዚህ አገር መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያለፉት ተማሪዎች ድርሻ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም አሁንም ያሳፍራል። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ያሉበት ወረዳ ግን ምሩቅ አጥቶ አይደለም። ጤና ጣቢያው፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የባንክ ቅርንጫፉ በዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የተሞላ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት እንዲያሳልፍ ያገዘ ክበብ ከተገኘ፣ የዋሽንግተኑን ቼክ ያህል፣ እንዲያውም የበለጠ ዋንጫ ይገባዋል።

ሐሳቡ አዲስም አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ፣ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ላይ አሠልጥኖ፣ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። የጂማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ከማኅበረሰቡ ጋር እያስተማረ ነው የታወቀው። ያንን መንፈስ ከምረቃ በኋላ የሚያስቀጥለው ማን ነው ቢባል፣ ከአካባቢ ክበብ የተሻለ አካል አይታይም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የተማሪ ምደባው ነው። ለብዙ ዓመታት የትምህርት ሚኒስቴር የወለጋውን ልጅ ወደ ጎንደር፣ የወሎዋን ወደ አርባ ምንጭ፣ የሐረሩን ወደ አክሱም ሲመድብ ቆይቷል። ይህ ምደባ ወላጅን ያስጨነቀበት ጊዜም ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ግቢዎች ግጭት ተነሥቶ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። የጎንደር ከተማ ነዋሪዎችና ዩኒቨርሲቲው «ቃል ኪዳን ቤተሰብ» ብለው፣ ከሩቅ የመጣን ተማሪ ለከተማው ቤተሰብ ልጅ አድርገው መስጠት የጀመሩት እንዲህ ዓይነቱን ጭንቀት አይተው ነው። እንግዲህ የጎንደር ምሩቃን በሐዋሳ ሲሰባሰቡ በቋንቋም በሃይማኖትም አንድ ያልሆኑ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ያገናኛቸው ግቢው ነው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ማኅበር በቀላሉ አይገኝም።

እንዲህ ያለው ክበብ ሊሠራው የሚችለው ቀላል ግን ትልቅ ሥራም አለ። ምደባ ሲወጣ በዚያው ከተማ ወደ ጎንደር የተመደቡ ተማሪዎችን ከነወላጆቻቸው ጠርቶ፣ አውቶቡሱ የት እንደሚያወርዳቸው፣ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ፣ ዶርም ውስጥ ምን እንደሚያስፈልግ፣ ሲታመሙ ለማን እንደሚደወል መንገር። አንዲት እናት ልጇን ከመሸኘቷ በፊት እዚያው ግቢ ተምሮ የመጣ ሰው ፊት ለፊት ብታነጋግር የሚቀልላትን ጭንቀት ማንም መመሪያ አያቀልላትም። ለሽልማት የሚቀርብ ክበብ መጀመሪያ ይህን አድርጓል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ መልካም ነው።

የሚያሰጋ ነገር የለም ማለት አይቻልም። አገሩ የሰርተፊኬት ድርቅ የለበትም፤ ስብሰባ የተካፈለ ሁሉ ላሚኔት የተደረገ ሰርተፊኬት ይዞ ይወጣል። ሁሉም ክበብ በየዓመቱ «ምስጉን» ከተባለ ማንም አልተመሰገነም። ሁለተኛው ስጋት የሹማምንት ነው። ዋንጫ ያለበት መድረክ ንግግር ይጠራል፤ ንግግር ደግሞ ባለሥልጣን ይጠራል፤ በመጨረሻ ተሸላሚው ክበብ ለፎቶግራፍ ብቻ ይፈለጋል። መራጮቹ ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ውጭ ቢሆኑ፣ ለምሳሌ ያለፈው ዓመት ተሸላሚዎች ቢመርጡ፣ የተሸለመውም ለምን እንደተሸለመ በጽሑፍ ለሕዝብ ቢነገር ይህ ይቀንሳል። የሒሳብ መዝገቡን ያላስመረመረ ክበብ ጭራሽ መወዳደር የለበትም፤ መዋጮ ባለበት ሐሜት አይጠፋምና።

ከዚያ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲው ሰዎቹ የት እንዳሉ ማወቅ አለበት። ከ45 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃሉ። ተመራቂው ሲወጣ ክሊራንስ ይዞ ይዞራል፤ መጽሐፍ አለመያዙን ቤተ መጻሕፍቱ፣ ፍራሽ መመለሱን ፕሮክተሩ ይፈርሙለታል። ከዚያ ቅጽ ላይ «የምትሄድበት ከተማ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ ከዓመታት በኋላ እየታደሰ ቢሄድ፣ ሬጅስትራሩ በየከተማው ስንት ሰው እንዳለው ያውቃል፤ ክበቦችን በብዛታቸው መመደብም ይቻላል። ትራንስክሪፕት ሊያወጣ የመጣውንም ዕዳውን ብቻ ከመጠየቅ አድራሻውን ቢጠይቁት አይከፋም።

ሽልማቱ ምን ይሁን ለሚለውም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ክረምት ላይ አብዛኛው ዶርም ባዶ ነው፤ የክረምት መርሐ ግብር ተማሪዎች ካልያዙት። ተሸላሚው ክበብ አባላቱን ይዞ ለሁለት ሌሊት ግቢው ውስጥ ቢያድር፣ በድሮው ካፌ ቢመገብ፣ ከመምህራኑና በበጋው ካስጠናቸው ልጆች መካከል ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ጋር አንድ ከሰዓት ቢያሳልፍ፣ ወጪው የአንድ ሁለት ቀን የካፌ በጀት ነው። በምረቃው ዕለት ደግሞ የአሶሳው ሰብሳቢ ወደ መድረኩ ወጥቶ ያደረጉትን በአምስት ደቂቃ ይንገር፤ ከፊቱ ከተቀመጡት ተመራቂዎች መካከል በዚያው ሰሞን ወደ አሶሳ የሚሄዱ ይኖራሉ።