የጥላሁን ደመወዝ

ሰሞኑን ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ አነቃቂ ተናጋሪ ወጣቶችን ሰብስቦ ሥራቸውን እንዲለቁ ሲመክር አዳመጥኩ። ደመወዝ ተሰጥኦን ይገድላል፤ ቢሮ የሚገባ ሰው ሕልሙን በር ላይ ጥሎ ነው የሚገባው፤ የወሩን መጨረሻ የሚጠብቅ ሰው አርቲስት አይሆንም። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይኸው ነበር። እንዲህ ያለው ምክር በሬዲዮውም በቲክቶኩም ስለሰለቸን ሰምቶ ዝም ማለት ይቻላል። እኔን ያናደደኝ ያመጣው ማስረጃ ነው። እጁን ወደ ሀገር ፍቅር ቴአትር አቅጣጫ ዘርግቶ፣ እነ ጥላሁን ገሠሠ የማንንም ደመወዝ ሳይጠብቁ ነው ለዚያ ክብር የበቁት አለ። አዳራሹም አጨበጨበለት።

ሐሰት ነው። ጥላሁን ደመወዝተኛ ነበር። ገና በልጅነቱ ሀገር ፍቅር ገብቶ ዘፈነ፤ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። ክቡር ዘበኛ የጦር ክፍል እንደነበር አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ላያውቁ ይችላሉ፤ ተናጋሪው ግን ማወቅ ነበረበት። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ አለቃ ተሹሞበት፣ በተባለው ሰዓት ልምምድ ገብቶ፣ ወር ሲሞላ ደመወዙን የሚቀበል ሰው ነው። ጥላሁን አገር ምድሩን በድምፁ የገዛው ይህን ሕይወት እየኖረ ነው። ማሕሙድ አሕመድም ጫማ ከመጥረግ ተነሥቶ፣ በምሽት ክበብ ሲላላክ ቆይቶ፣ ዘፋኝ ሆኖ የቆመው እዚያው ክቡር ዘበኛ ሲገባ ነው።

ጌታቸው መኩሪያን ደግሞ ተመልከቱ። በ1941 ዓ.ም. ገደማ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ገባ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ወደዚያ ተሻገረ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተቀጠረ። ከአንዱ የደመወዝ መዝገብ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የኖረ ሰው ነው። ይህ ሰው ነው የጀግናን ሸለላ በቴነር ሳክስፎን ያስጮኸው። ከጋሻና ከጎራዴ ጋር የኖረ ድምፅ በሳክስፎን ሊወጣ ይችላል ብሎ ከሱ በፊት ማን አሰበ? አውሮፓውያን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሰሙት አሜሪካኖች ፍሪ ጃዝ ከሚሉት ጋር አስተያዩት፤ የሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ በስተርጅናው ወስዶ ከመድረክ መድረክ አዞረው። አዲስ አበባ ካፈራቻቸው ድምፆች ሁሉ እጅግ ነፃ የሆነውን ያወጣው ሰው የፖሊስ ሠራዊት ደመወዝተኛ ነበር። ደመወዝ ተሰጥኦን ይገድላል የሚል ሰው መጀመሪያ የጌታቸውን ሸለላ ሰምቶ ይመለስ።

ነገሩ አጋጣሚ አይደለም። ሳክስፎን የድሃ ልጅ ገዝቶ የሚይዘው ዕቃ አልነበረም፤ መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው። አስተማሪውም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤትና በቴአትር ቤቱ ተቀጥሮ ባያሠለጥን ኖሮ ያ ሁሉ ልጅ ኖታ ማንበብ ከየት ይማር ነበር? አጎቱ ኬቮርክ ናልባንዲያንም አዲስ አበባ የመጣው በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በሙዚቃ ሊመራ ነው። እነዚያ ልጆች የመጡት በቅጥር ነው። ዘመናዊ ሙዚቃችን ገና ሲወለድ የደመወዝ መዝገብ ላይ ነው ስሙ የተጻፈው።

ከመሣሪያውም ከአስተማሪውም በላይ ደግሞ ጊዜ አለ። የወር ደመወዝ ያለው ሙዚቀኛ ልምምድ ላይ ሲሳሳት ቢውል ማታ ልጆቹ ጦማቸውን አያድሩም። አዲስ ነገር የሚወለደው ደግሞ እየተሳሳቱ ሲውሉ ነው። ዛሬ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚሮጠውን ጎበዝ ኪቦርዲስት ጠይቁት። የሚፈለግበት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን መምታት ነው። ከራሴ አንድ ነገር ልሞክር ቢል በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚደውልለት የለም። አለቃ የለህም ነፃ ነህ የተባለው ይህ ልጅ፣ የመቶ ሙሽራ አባት አለቃው ነው።

አምሐ እሸቴስ የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥትን የሸክላ ኅትመት ሞኖፖል ደፍሮ የሰበረ ነጋዴ ነው። ድፍረቱን እወድለታለሁ። ነገር ግን አምሐ ሸክላ ላይ ያስቀረጻቸው እነማንን ነበር? ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ ነው። ሌሎቹም ብዙዎቹ ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች የመጡ ናቸው። የመንግሥት ደመወዝ ለዓመታት አብልቶ ያሳደጋቸውን ሰዎች ነው ያገኘው። ዛሬ አንድ ደፋር ነጋዴ ቢነሣ እንዲህ ተሰናድተው የሚጠብቁት አሉ?

ደራሲዎቻችንስ? ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ዕድሜያቸውን በቆንስልነት፣ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ሲያገለግሉ የቆዩ ሰው ነበሩ። መንግሥቱ ለማ ሲቪል አቪዬሽንና ኒው ዴልሂ ኤምባሲ ሠርቷል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ አብስትራክት ሥዕልን ለዚህ አገር ያስለመደው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማረ ነው፤ ግጥሙንም የጻፈው እንዲሁ። አቤ ጉበኛ በብዕሩ ለማደር ቆርጦ ከተነሡት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ብርቅ ሰው ስለነበረም ነው ስሙ እስከ ዛሬ ተለይቶ የሚነሣው።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ከዚህ ሁሉ የሚለዩት አሉ። የምሽት ሰፈሩን ውቤ በረሃን ያየ፣ ሌቱም አይነጋልኝን የጻፈ፣ ለማንም ደንብ ያልተገዛ ሰው ነው ይሉናል። የጋሽ ስብሐት ፎቶግራፍ ሥራ ልቀቁ በሚሉ ሰዎች ገጽ ላይ ሲለጠፍ ሳይ ደሜ ይፈላል። ጋሽ ስብሐት መነን መጽሔት ላይ ሠርቷል፤ የካቲት መጽሔት ላይ ሠርቷል፤ አዲስ ዘመን ላይ ዓምድ ነበረው። ያን የመሰለ ቀላልና ጥርት ያለ ዐረፍተ ነገር የሠራ እጅ የጋዜጣ ቀነ ገደብ ያሠለጠነው እጅ ነው። ሌሊቱን ያየው ውቤ በረሃ ነው፤ ቀን ቀን ግን የአርታኢ ወንበር ላይ ነበር። ቀኑን ቆርጦ ጥሎ ሌሊቱን ብቻ ለወጣት ማሳየት ማታለል ነው።

ደመወዝ ያስራል የሚለው ክስ ባዶ አይደለም። በዓሉ ግርማ መነንንና አዲስ ዘመንን አዘጋጅቷል፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደርሷል፤ ልብ ወለዶቹንም የጻፈው በዚሁ የሥራ ዘመኑ ነው። በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን ባሳተመ ጊዜ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ጥላሁንም ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ የክቡር ዘበኛ ሰው በመሆኑ ታስሯል። ነገር ግን በዓሉን የበላው የደርግ ሥርዓት ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም። እንዲያውም ያ ሥርዓት በዓሉን ለመቅጣት መጀመሪያ የወሰደበት ነገር ደመወዙን ነው። የጨካኝ መንግሥት የመጀመሪያ ቅጣት የነበረውን ነገር ዛሬ ነፃነት ብሎ ለወጣት መስበክ ምን ይባላል?

የአነቃቂዎቹ ወሬ ትልቁ ጉዳት ግን ታሪክን ማበላሸቱ ላይ አይቆምም። ይህ ወሬ ጥበበኛን መቅጠር ያቆሙትን ሁሉ ከወቀሳ ያድናል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት እነ መኰንን ሀብተ ወልድ ሕዝቡን በጣልያን ወረራ ላይ ለማነሣሣት ኪነትን በድርጅት ነው ያሰማሩት። አሁን ሙዚቀኛን በሌሊት ሒሳብ የሚያጫውት የሆቴል ባለቤት፣ ተዋናይን ያለ ውል ለወራት የሚያሠራ ፊልም ሠሪ፣ ሠዓሊን ግድግዳ አስቀብቶ ስምህ ይታወቅልሃል ብሎ የሚያሰናብት ባለ ካፌ፣ ሁሉም አንድ መልስ አላቸው፦ ፍቅሩ ካለህ ገንዘቡን አትጠይቅም። ይህን መልስ ያስጠናቸው አዳራሽ ተከራይቶ፣ የመግቢያ ትኬት ቆርጦ፣ ደመወዝን የሚያንቋሽሸው ሰው ነው። እሱ ራሱ ግን ያለ ክፍያ መድረክ አይወጣም።

የፒያሳ አርቲስት ደመወዙ ትንሽም ቢሆን እንዴት ይኖር እንደነበር አራዳ ያደገ ሁሉ ያውቃል። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ብዙው ሰው ይኖር የነበረው በቀበሌ ቤት ነው፤ ኪራዩ ከደመወዙ ላይ የማይታወቅ ያህል ነበር። ቴአትር ቤቱ በእግር ይደረሳል። ማታ ልምምዱ ሲያልቅ ታክሲ አያስፈልግም። ዱቤ የሚሰጥ ባለ ሱቅ አለ፤ እማማ እከሌ ልጆቹን ያዩለታል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲያፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። ስለ ፈረሳው ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው። ርካሹ ኪራይ ከሄደ በኋላ ያለ ደመወዝ ጥበብ እሠራለሁ ማለት ከበፊቱ እጅግ የከበደ ሆኗል። ምክሩ ግን ልክ በዚህ ሰዓት ነው የበረታው።

አዳራሹ ውስጥ ከጎኔ የባንክ ሠራተኛ የሆነች ወጣት ተቀምጣ ነበር። ማታ ማታ ሥዕል ትሥላለች። ንግግሩ ሲያልቅ መልቀቂያ ደብዳቤ ስለማስገባት ከጓደኛዋ ጋር ስትማከር ሰማሁ። ተናጋሪው ያልነገራትን እኔ ልንገራት። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መሠረት ከደመወዝሽ 7 በመቶ ሲቆረጥ ቀጣሪሽ በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርልሻል። ለጡረታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። ስትለቂ ያ 11 በመቶ ይቆማል፤ ካፌው አይከፍልልሽም፤ ጋለሪው አይከፍልልሽም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ሕግ አለን፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ የሮያሊቲ አሰባሰብ ጉዳይም ገብቶበታል። እስቲ ስንት ሙዚቀኛ በሮያሊቲ ገንዘብ የቤት ኪራይ እንደከፈለ ጠይቂ። አገር ያስጨበጨቡ አንጋፋ አርቲስቶች ሲታመሙ ለሕክምናቸው በየቴሌቪዥኑ እርዳታ ሲለመን አይተሻል። ሥራ ልቀቁ ያሉት ሰዎች ያን ጊዜ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያነባሉ እንጂ ለምን ጡረታ አልነበራቸውም ብለው አይጠይቁም።

ሥዕል አትሣዪ የሚል የለም። ሣዪ፤ ማታም ሣዪ፣ እሑድም ሣዪ፣ እነ በዓሉ ከቢሮ በኋላ እንደጻፉት። ለሥዕልሽ ቀኑን ሙሉ የሚከፍልሽ ከተገኘ ያኔ ባንኩን ልቀቂ፤ ሲቀጥርሽ ግን ውሉን በጽሑፍ፣ ደመወዙን በቁጥር፣ ጡረታውን ከመጀመሪያው ወር ጠይቂ። አነቃቂውም በሚቀጥለው ወር እዚያው አዳራሽ ሲመለስ ንግግሩን ለሆቴል ባለቤቶቹና ለፊልም ሠሪዎቹ ያድርገው። ስለ ውልና ስለ 11 በመቶው ይንገራቸው። ያን ቀን ትኬቱን ገዝቼ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።