የናይትሬት አጓጓዥ ወይስ የሥር አዛዥ?

የዕፅዋት ሕዋስ ሽፋን ፕሮቲኖችን «የንጥረ ምግብ አጓጓዥ» እና «የሆርሞን አጓጓዥ» ብሎ መክፈል ለማስተማር ቢመችም ተመራማሪን ያሳስታል። በአራቢዶፕሲስ የሚገኘው ኤንአርቲ 1.1 ለዚህ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዘረ-መሉ ተለይቶ ሲታወቅ ፕሮቲኑ የናይትሬት አስገቢ ተባለ፤ በ2010 ግን ኦክሲን የተባለውን የእድገት ሆርሞንም እንደሚያጓጉዝ ታወቀ። ናይትሬት ሲያንስ ኦክሲንን ከጎን ሥር ጫፍ ስለሚያርቅ የሥሩ እድገት ይገታል፤ ናይትሬት ሲበዛ ግን ኦክሲን በጫፉ ተከማችቶ ሥሩ ይረዝማል። ስለዚህ ናይትሮጅን በብዛት የሚወስድ ሰብል ለማግኘት እንዲህ ያለውን ፕሮቲን የሚለውጥ አዳቃይ፣ ሳያስበው የሥሩንም ቅርጽ ሊለውጥ ይችላል። የማዳበሪያ ዋጋ ለከበደው ገበሬ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። የናይትሬትን ቅበላ ብቻ ለክቶ የሥሩን ቅርጽ ያልመዘገበ ጥናት ግማሽ መልስ ይዞ ይቀራል።