ያልቀነጨሩት 109 ሺህ

መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በመጀመሪያው ምዕራፉ ከ109 ሺህ በላይ ሕፃናትን ከመቀንጨር ታድጓል ይሉናል። ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል፦ ያልቀነጨረ ልጅ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

የቀነጨረውማ ይቆጠራል። መለኪያው ሳንቃ ላይ ይጋደማል፣ እያለቀሰ ቁመቱ ይወሰዳል፣ በዕድሜው ሊደርስበት ከሚገባው ጋር ይነጻጸራል። 109 ሺዎቹ ግን የተወለዱት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ይህን ያህል ነፍሰ ጡር የብረት እንክብል ወሰደች፣ ለዚህን ያህል ቤት ንጹሕ ውኃ ቀረበ ተብሎ ለስሌቱ ይነገረዋል፤ እሱም ይህ ሁሉ ባይደረግ ስንቱ ይቀነጭር እንደነበር ገምቶ ያወጣል። ለባለሙያ ነውር የለውም፤ ግምት ነው። ነውሩ፣ ግምቱ መድረክ ሲወጣ «በግምት» የምትለዋ ቃል ከታች መቅረቷ ነው። ላም አለኝ በሰማይ።

የተለካው ምን ይላል? በአገር ደረጃ በ2008 ከመቶ 38 የነበረው መቀንጨር በ2011 ከመቶ 37 ሆነ። ምዕራፉ የተሞከረው በአማራና በትግራይ 40 ወረዳዎች ብቻ ነው፣ በአገሪቱ አትመዝኑት እባላለሁ። እሺ። እንግዲያው የ40ዎቹን የሳንቃ ልኬት ከግምቱ አስቀድማችሁ ንገሩን።

ደግሞ ሒሳቡ የተዘጋው በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ተወልዶ «ከዳኑት» የገባ የአበርገሌ ልጅ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ያለውን 1 ሺህ ቀን የጨረሰው በሰሜኑ ጦርነት መካከል ነው፤ ምናልባትም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲሰደድ። ከቁጥሩ የቀነሰው አለ?

ለነገሩ ቃሉ የተገባበት 2007 ራሱ ቁጥር የማይከብደው ዓመት ነበር። ግንቦት ላይ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት ወንበር ወሰዱ፤ ሐምሌ ላይ ኦባማ መጥተው መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ብለውት ሄዱ። የሰቆጣ ስም ያለበት ቃል ኪዳንም በዚያው ሐምሌ ታወጀ፤ አዲስ አበባ ላይ፣ ለልማት ገንዘብ በሚመክር የዓለም ጉባኤ። ሰቆጣ ባለችበት ዋግ ውስጥ ግን የዚያ ሐምሌ ወሬ የቀረው ዝናብ ነበር። መንፈቅ ሳይሞላ በአገሪቱ የምግብ እርዳታ ጠባቂው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ።

ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማጥፋት የቃሉ ቀጠሮ 2022 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሁለት ዓመት የሚሞላው ልጅ በ2020 ይወለዳል። እናቱ ዛሬ በዋግ፣ ዝቋላ ወይም ሰሃላ፣ ቁልቁል ውኃ ወርዳ ይሆናል። ያቺ እንክብል ትደርሳት ይሆን፣ ወይስ ደርሷታል ተብሎ ይመዘገብላት ይሆን?

የዋግ ልጅ