ለልጄ የኢንሱሊን ፓምፕ ላስመጣለት? ከመወሰናችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ የኢንሱሊን ፓምፕ ልላክለት እያለች ነው። ልጄ ከመርፌ ይገላገል ይሆን?»

ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። የገዛ ልጅን በየቀኑ መውጋት ለወላጅ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። መልሴ ግን አንዳንዶቻችሁን ቅር ያሰኝ ይሆናል። ፓምፕ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን በየጊዜው የሚቀየሩት ዕቃዎቹና የስኳር መለኪያው ባልተሟሉበት ቤት ከመርፌ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ምክንያቴን ላስረዳ።

🔹 ፓምፕ ምን ይሠራል?

ፓምፕ ኪስ ውስጥ የሚገባ ወይም ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ማሽን ነው። ውስጡ ያለው ኢንሱሊን በቀጭን ቱቦ አልፎ፣ ቆዳ ሥር በገባች ስስ ፕላስቲክ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ቱቦ የሌላቸው፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፉም አሉ። ማሽኑ ቀንም ሌሊትም በጥቂት በጥቂቱ ኢንሱሊን ይለቃል። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ልጁ ወይም ወላጁ የምግቡን መጠን አስልቶ ተጨማሪ ያዝዘዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፓምፑ ልጁ አንድ እንጀራ ይብላ ሁለት አያውቅም። ከስኳር መለኪያ ሴንሰር ጋር ተገናኝተው መጠኑን በራሳቸው የሚያስተካክሉ ፓምፖች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝተዋል። አብዛኞቹ ግን ዛሬም ለምግብ የሚሆነውን ሰው እንዲነግራቸው ይፈልጋሉ። ማሰቡና ማስላቱ ከእኛ ላይ አይወርድም።

ጥቅሙን አልክድም። በቀን አራት ጊዜ ከመወጋት ይልቅ በ2 ወይም በ3 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ መውጊያውን መቀየር ይበቃል። ለሕፃናት የሚያስፈልገውን በጣም ትንሽ መጠን በትክክል ይሰጣል። ልጁ ኳስ ሲጫወት ወይም ሌሊት ስኳሩ የሚወርድበት ከሆነ የሚገባውን ኢንሱሊን መቀነስ ይቻላል።

🔹 ታዲያ አደጋው የቱ ላይ ነው?

ፓምፕ ውስጥ የሚገባው ቶሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ብቻ ነው። እኛ አገር በብዛት የሚታዘዘው ድፍርስ መልክ ያለው ኤንፒኤችም ሆነ የተቀላቀለው 70/30 ፓምፕ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም። ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን የተወጋ ልጅ የሚቀጥለው መርፌ ቢዘገይበት እንኳ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኢንሱሊን ይኖረዋል። ፓምፕ ላይ ያለ ልጅ ግን ይህ ስንቅ የለውም። ቱቦው ቢታጠፍ፣ ፕላስቲኩ ቢወጣ ወይም ባትሪው ቢያልቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳሩ ይወጣል፤ ኪቶን የሚባለው አሲድም በደሙ ይከማቻል። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው።

ማሽኑ አንድ ጊዜ ይላካል። ዕቃው ግን አያቋርጥም፤ በወር ከ10 እስከ 15 መቀየሪያ ያስፈልጋል። ዕቃው አለቀ ተብሎ የአንዱን መቀየሪያ ዕድሜ ወደ ሳምንት ማራዘም ለኢንፌክሽንና ለመደፈን ያጋልጣል። ሌላ ሰው የተጠቀመበት ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የተሞላው መጠን የዚያ ሰው ነው። ባለሙያ ሳያስተካክለው ልጅ ላይ ማድረግ የሌላ ሰው መድኃኒት እንደመስጠት ነው።

🔹 ዋናው ነገር ማሽኑ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1,441 ዓይነት 1 የስኳር ሕሙማን የተሳተፉበት ታዋቂ ጥናት አለ። ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት ሕሙማን፣ ጥናቱ ሲጀመር የዓይን ጉዳት ካልነበረባቸው መካከል፣ ለዓይን ጉዳት ያላቸው ዕድል በ76 በመቶ ቀንሷል። እነዚህ ሰዎች ምን ተጠቀሙ? ከፊሎቹ ፓምፕ፣ ከፊሎቹ በቀን 3 ወይም ከዚያ በላይ መርፌ። ሁለቱም የተቆጠሩት በአንድ ቡድን ነው። የሚያመሳስላቸው በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ ስኳራቸውን እየለኩ መጠኑን ማስተካከላቸው ነበር።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ መለኪያ፣ ቀጥሎ ዕውቀት፣ ከዚያ በኋላ ፓምፕ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ መርዳት ከፈለጉ የማይቋረጥ ስትሪፕ ይላኩ። አቅም ካለ ሴንሰር ይጨመር። የሚመለከታቸው አካላትም ስትሪፕ በየጤና ተቋሙ ሳይቋረጥ እንዲገኝ ቢያደርጉ፣ ከማንኛውም ዘመናዊ ማሽን በላይ ብዙ ልጆችን ይታደጋል ብዬ አምናለሁ።

🔹 ፓምፕ ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ

✅ የመቀየሪያ ዕቃው ሳይቋረጥ ከየት ይመጣል? የ3 ወር መጠባበቂያ አለን?
✅ ቶሎ የሚሠራውን ኢንሱሊን በቋሚነት እናገኛለን?
✅ በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ መለካት እንችላለን?
✅ ፓምፑን የሚያስተካክልልንና ሲቸግረን የምንደውልለት ባለሙያ አለ?
✅ ፓምፑ ቢበላሽ የምንጠቀምበት ስሪንጅ ወይም ፔን፣ ከረጅም ሰዓት ኢንሱሊን ጋር ቤት ውስጥ አለ?

አንዱ እንኳ «የለም» ከሆነ ይቆየን በሉ።

🔹 ፓምፕ ለጀመራችሁ

✅ ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ፣ በፓምፑ ማስተካከያ ሰጥታችሁ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ ካልወረደ ፓምፑን አትመኑ። ሐኪማችሁ የነገራችሁን መጠን በመርፌ ስጡ፤ መቀየሪያውን ቀይሩ፤ ኪቶን ለኩ።
✅ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ካለ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።
✅ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።
✅ ለገላ መታጠብም ሆነ ለጸበል ፓምፑ ቢፈታ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ።
✅ እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና አፋር ባሉ ሞቃት ቦታዎች ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል። ፓምፑን ከቀጥታ ፀሐይ ጠብቁት።
✅ የክፍል መምህሩ ልጁ የያዘው ማሽን ስልክ አለመሆኑን ይወቅ።

በመጨረሻ፣ ፓምፕ መግዛት ያልቻላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። በሰዓቱ እየለካችሁ፣ በሰዓቱ እየወጋችሁ፣ መጠኑን ከሐኪም ጋር እያስተካከላችሁ ከሆነ ልጃችሁ ጥሩ ሕክምና እያገኘ ነው። ጤናማ ሆኖ አድጎ፣ ተምሮ፣ ወልዶ ለመሳም መርፌው አይከለክለውም።

የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ለሚያሳድግ ሁሉ ይህን መልእክት አጋሩ። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። የመድኃኒት መጠን ግን የሚከታተላችሁን ሐኪም ሳታማክሩ አትቀይሩ።