ፍርሃትም ሕክምና ይሻል

ኦፕራሲዮን የሚደረግ በሽተኛ ሁሉ ፈጽሞ አይተኛም። እጁ ብቻ ደንዝዞ ነቅቶ የሚቆይም አለ። ይህ ሰው ሕመሙ ባይሰማውም የመሣሪያው ድምፅ ይሰማዋልና ልቡ ይሸበራል። ስለዚህ ሐኪሞች የሚያስተኛ መድኃኒት ይጨምሩለታል፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ግን ትንፋሽን ያዳክማል፥ የደም ግፊትንም ዝቅ ያደርጋል።

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተደርጎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 የታተመ ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል። እጃቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉት 34 ሰዎች እኩሌታዎቹ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለውን መነጽር አጥልቀው ጸጥ ያለ መስክ፥ ጫካና ተራራ ይመለከቱ ነበር። ለእነዚህ የተሰጠው የሚያስተኛ መድኃኒት ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሆነ፤ በሕመምና በጭንቀት ግን ከሌሎቹ ጋር ጉልህ ልዩነት አልታየባቸውም። የሰው ልቡና ባንድ ጊዜ ሁለት ነገር አጥብቆ መከታተል አይችልምና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም።

አንዳንዶች «ይህ የልጆች መጫወቻ ነው» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን የበሽተኛውን ፍርሃት የሚንቅ ሐኪም ሥራውን በግማሽ ትቷል እላለሁ። ሆኖም መነጽሩ ተገዛ ተብሎ የነርስዋ መልካም ቃል መቅረት የለበትም። አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። መነጽሩ በሌለበት ሆስፒታልም ቢሆን፥ የሚደረግለትን ለበሽተኛው አስቀድሞ ማስረዳትና ማጽናናት ገንዘብ አይጠይቅም።

ነገ ሐኪም ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቼ፥ ይህን ከወዲሁ በልባችሁ ያዙ።