ራዲያተር ከመለወጥ በፊት፦ በቀጨኔ አቀበት የሚፈተነው የላንድክሩዘር ማቀዝቀዣ ሥርዓት

ቀጨኔ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በሸክላ፣ በሽመናና በብረት ሥራ ይታወቃል። ለተሽከርካሪ ምሕንድስና ግን ሌላም ትምህርት አለው። ዳገታማና ጠባብ መንገዶቹ ጭነት የያዘን ላንድክሩዘር በአንደኛ ማርሽ፣ ከእግረኛ ብዙም በማይበልጥ ፍጥነት እንዲወጣ ያስገድዱታል። ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት ያወጣል፤ ከፊት ለፊት የሚገባው ነፋስ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይህ ሁኔታ በአሸዋ፣ በጭቃና በኮረኮንች ላይ ከሚደረግ ጉዞ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። በመሆኑም በሩቅ ገጠር ሊያጋጥም የሚችለው የማቀዝቀዣ ችግር አስቀድሞ ምልክቱን የሚያሳየው በእንዲህ ያለ አቀበት ላይ ነው።

ሞተር ሲፈላ በየጋራዡ የሚሰማው ምክር የተለመደ ነው። መጀመሪያ «ቴርሞስታቱ ይውጣ» ይባላል፤ ያ ካልበቃ «ትልቅ ራዲያተር ይግባ» ይከተላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። በቀጨኔ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ የሚፈላ፣ ሞተሩ ያልተቀየረ ላንድክሩዘር ራዲያተሩ አንሶት ሳይሆን ከሥርዓቱ አንዱ ክፍል ታሞበት ነው። በሽታው ሳይታወቅ የሚገዛ ትልቅ ራዲያተር ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ መንሥኤውን አያስወግድም።

ጉዳዩ የመኪና ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በየወረዳው ለአምቡላንስነት ከሚያገለግሉት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ላንድክሩዘር ናቸው። ምጥ የያዛት እናት ተኝታበት በአቀበት መካከል ፈልቶ የሚቆም መኪና የሚያስከፍለው ዋጋ በብር አይተመንም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በአግባቡ የመያዝን አስፈላጊነት አጉልቶታል። በሙቀት የተጣመመ ቴስታታና የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ዛሬ ከቀድሞው እጅግ ውድ ናቸው።

ከፍታ የሚሰጠውና የሚነሣው

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ኃይል በግምት አንድ ሦስተኛው ወደ ጉልበት ይለወጣል። አንድ ሦስተኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል። የቀረው አብዛኛው በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መወገድ አለበት። ራዲያተር የሚያስወግደው ሙቀት በዋናነት በሁለት ነገሮች ብዜት ይወሰናል፦ በውስጡ በሚያልፈው አየር ክብደትና በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት።

ቀጨኔ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ይገኛል። በዚህ ከፍታ፣ በ22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 0.88 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በአንጻሩ ከባሕር ወለል እኩል በሆነው የአፋር ዝቅተኛ ቦታ፣ በ45 ዲግሪ ሙቀት፣ ክብደቱ 1.11 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ላይ ላዩን ሲታይ ቆላው የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ውሃው 90 ዲግሪ ላይ ነው ቢባል የሙቀት ልዩነቱ በቀጨኔ 68፣ በአፋር 45 ዲግሪ ነው። ሁለቱን ማባዛት ለቀጨኔ 60፣ ለአፋር 50 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ያው ራዲያተር፣ በያው የፋን ፍጥነት፣ በአፋር የሚያስወግደው ሙቀት በቀጨኔ ከሚያስወግደው አንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በአገራችን በስፋት የሚታወቀው የላንድክሩዘር ሞተር፣ ማለትም ባለ 4.2 ሊትሩና ባለ ስድስት ሲሊንደሩ «ዋን ኤች ዜድ»፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ተርቦ የለውም። እንዲህ ያለ ሞተር በከፍታ ላይ የሚስበው አየር ስለሚያንስ የሚያወጣው ጉልበትም ያንሳል። ወደ ቆላ ሲወርድ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል፤ የሚያመነጨው ሙቀትም አብሮ ይጨምራል። የፋብሪካው ራዲያተር የተሠራው ለዚህ ለከፋው ሁኔታ ነው። በቆላ በረሃ ሊሠራ የታሰበ ሥርዓት በእንጦጦ ግርጌ ከከሸፈ መጠየቅ ያለበት የሥርዓቱ ጤንነት ነው።

ከፍታ የሚነሣው ነገርም አለ፤ ይኸውም የመፍላት ዳርቻ ነው። ንጹሕ ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በቀጨኔ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሥርዓቱን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤናማ ክዳን የመፍላት ዳርቻውን ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ይህን ከሃያ ዲግሪ የሚበልጥ መጠባበቂያ ያሳጣል። በቆላ የሚኖር አሽከርካሪ ከደከመ ክዳን ጋር ትንሽ ሊዘልቅ ይችላል፤ የደጋው አሽከርካሪ ግን ሞተሩ በመደበኛ ሙቀቱ እየሠራ ሳለ ውሃው ሊፈላበት ይችላል። ከሥርዓቱ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ክፍሎች አንዱ በደጋ አገር ከሁሉ ይልቅ ወሳኝ ሆኖ ይገኛል።

መድኃኒት የሚመስሉ በሽታዎች

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል በስፋት የተለመደ ልማድ ነው። መነሻው ግልጽ ነው፤ «መንገዱን የሚዘጋ ነገር ከተነሣ ውሃው በነጻነት ይዘዋወራል» ከሚል አስተሳሰብ ይመነጫል። ይሁን እንጂ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ሁለት በር አለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ዘወትር ክፍት ይሆናል፤ የፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ውጤቱ የሚያስገርም ነው፦ ሞተሩ በማለዳና በቁልቁለት ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፤ በአቀበት ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ይሞቃል። በቀዝቃዛ ሁኔታ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፤ የውስጥ ክፍሎቹም ቶሎ ይበላሉ።

ሁለተኛው ልማድ ከቧንቧ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ብቻውን መሙላት ነው። ውሃ ሙቀትን በመሸከም ከኩላንት ይበልጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዝገት መከላከያ የሌለው ውሃ የብረቱን ግድግዳ ይበላል፤ በውስጡ የሟሟው ማዕድንም በግድግዳው ላይ ይጋገራል። ይህ ዝቃጭ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት በሠላሳ እጥፍ ያህል ያንሳል። የአንድ ሚሊ ሜትር ዝቃጭ ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት እንደ መጨመር ይቆጠራል። ራዲያተሩ የቱንም ያህል ቢተልቅ ሙቀቱ ከሞተሩ ግድግዳ ወጥቶ ወደ ውሃው ካልደረሰ ጥቅም የለውም። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት የመፍላት ዳርቻውን በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ከማድረጉም በላይ ይህን ጥፋት ያስቀራል።

ሦስተኛው ጉዳይ የአየር ነው። በጥገና ወቅት የሚወልቀው የፋኑ መከለያ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። ያለ መከለያ ፋኑ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፍ ያለበትን አየር በጎንና በጎን ያዞረዋል። ኃይለኛ ፋን በመግጠም ይህን ለማካካስ መሞከር ውድ ነው፤ የፋን ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚበላው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናልና። የወለቀውን መከለያ መመለስ ግን ምንም ጉልበት አይጠይቅም። ዘይቱ የፈሰሰበት ፋን ክላች፣ የላላ ቺንጋ፣ በሣር ፍሬና በጭቃ የተደፈነ የራዲያተር ክንፍ፣ በፊት መከላከያው ላይ የተደረደረ መብራትና ዊንች ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ማሻሻል የሚገባው መቼ ነው?

ከላይ የተባለው ማሻሻል ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በዋን ኤች ዜድ ሞተር ላይ ተርቦ ከተጨመረ ስሌቱ ይለወጣል። ተርቦው በከፍታ የጎደለውን አየር ስለሚመልስ ሞተሩ በቀጨኔም ሙሉ ሙቀቱን ያመነጫል፤ ራዲያተሩ ግን የሚያገኘው ያንኑ ስስ አየር ነው። ዘወትር ከባድ ጭነት የሚጎትት፣ ወይም የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ሞልቶ የሚመላለስ መኪናም እንዲሁ ተጨማሪ አቅም ሊሻ ይችላል። በዚያ መንገድ አሽከርካሪው ሙቀቱ ወደ በረታበት ሸለቆ ከወረደ በኋላ ከ1,000 ሜትር በላይ ያለማቋረጥ ይወጣል።

ማሻሻሉ ከተወሰነም የሚጠገን ነገር መምረጥ ይገባል። የአሉሚኒየም ራዲያተር ቀላል ነው፤ ቱቦዎቹን ሰፋ አድርጎ ለመሥራትም ይመቻል። ነገር ግን ከፕላስቲክ ጋን ጋር የተገጠመው ዓይነት ሲሰነጠቅ በገጠር ከተማ ጋራዥ የሚደረግለት ነገር ጥቂት ነው። የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ግን በስታኞ ይበየዳል፤ ጋኑ ተከፍቶ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይጠረጋሉ፤ መሐሉም በሌላ ይተካል። በተጨማሪ ረድፍ ቱቦ የተሠራ የመዳብ ራዲያተር ለኢትዮጵያ መንገድ ተስማሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ቀጨኔ ባለ፣ ብረትን በእሳት መግራት ከትውልድ ትውልድ በተላለፈበት ሰፈር፣ ይህ ሙያ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። በእጅ ሥራ የተካኑ ወጣቶች የግፊት መሞከሪያና ትክክለኛ መሣሪያ ቢያገኙ የራዲያተር እድሳት የሰፈሩ አንድ የሥራ መስክ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ዘመን በዝቅተኛ ዓይን ሲታይ የኖረውን የእጅ ባለሙያ የዘመናዊ ጥገና አካል ማድረግም ከመካኒክነት ያለፈ ትርጉም አለው።

የሚነሣ ተቃውሞ

«ይህ ሁሉ ምርመራ ለሀብታም ነው፤ ቴርሞስታት የሌላቸው መኪኖች ለዓመታት እየሠሩ አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይጠበቃል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ለረጅም ጊዜ ሳይፈላ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከመንገድ ውጭ የሚሠራ ተሽከርካሪ የሚመዘነው በቀላሉ ቀን ሳይሆን በከባዱ ቀን ነው። ወጪውም ቢሆን በተቃራኒው ይመዝናል፦ ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ቺንጋና መከለያ ተደምረው ከአንድ አዲስ ራዲያተር ያንሳሉ፤ ከአንድ የቴስታታ ሥራማ በብዙ ያንሳሉ። መካኒኩንም መውቀስ ተገቢ አይደለም። መለኪያ ያልተሰጠው ባለሙያ በግምት ይሠራል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ደንበኛው መክፈል ከሚፈልገው ገንዘብ ጋር ይስማማል።

መለኪያው ደግሞ ውድ አይደለም። በርቀት የሙቀት መጠን የሚያነብ አነስተኛ መሣሪያ ብዙ ይናገራል። መኪናው የቀጨኔን አቀበት ከወጣ በኋላ የራዲያተሩ ላይኛውና ታችኛው ማኒኮቶ ይለካሉ። ሁለቱም እኩል ለእኩል ከሞቁ ችግሩ በአየሩ በኩል ነው፤ ፋኑ፣ መከለያውና ክንፎቹ ይፈተሹ። ላይኛው እጅግ ሞቆ ታችኛው ከቀዘቀዘ ውሃው በበቂ ፍጥነት አይዘዋወርም፤ ፓምፑ፣ ቴርሞስታቱና ቱቦዎቹ ይፈተሹ። በራዲያተሩ ገጽ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ከተገኘ በዚያ ያለው ቱቦ ተደፍኗል። በውሃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ሳይበላ አይቀርም፤ ይህንን ደግሞ ማንኛውም ራዲያተር አያድነውም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ይመከራሉ። አንደኛ፣ አምቡላንስና የመስክ መኪና የሚያስተዳድሩ ተቋማት ራዲያተር እንዲገዛ ከመፍቀዳቸው በፊት የግፊትና የሙቀት ምርመራ ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ትምህርቱን በአገሩ ከፍታ ስሌት ያስተምሩ፤ ተማሪው ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ብቻ ሳይሆን በሰፈሩ በስንት እንደሚፈላ ይወቅ። ሦስተኛ፣ የተለወጠ ኩላንት በዕቃ ይሰብሰብ። ኩላንት መርዛማ ነው፤ በጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑም ለሕፃናትና ለእንስሳት ይበልጥ አደገኛ ነው። በቀጨኔ ወንዝ ላይ የሚደፋው ሁሉ ከተማይቱን አቋርጦ ወደ አቃቂ ይወርዳል። የራስን ሞተር አቀዝቅዞ የታች ሰፈሩን ውሃ መበከል ጥገና ሊባል አይችልም።

የማቀዝቀዣ ሥርዓት ማሻሻያ በዕቃ ግዢ ሳይሆን በመለካት ይጀምር። በቀጨኔ አቀበት ተፈትኖ፣ ሙቀቱ ተመዝግቦ፣ የጎደለው ተሟልቶለት የሚወጣ መኪና ብዙውን ጊዜ አዲስ ራዲያተር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀውም ቢሆን ለምን እንደሚጠይቅ ይታወቃል።