ስለ ኢንፍሉዌንዛ መድኃኒትና ስለ መንዝ ደጋ

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባ ላይ የወረደው፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» እያለ የሚጠራው የኢንፍሉዌንዛ መቅሠፍት፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር ከአልጋ አውሎ፣ በመዲናይቱ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚገመት ነፍስ ሲያጠፋ፣ በከተማው የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች ለዚህ ሕማም የሚሆን አንዳች ፈውስ በእጃቸው አልነበረም። ዛሬ ግን ቫይረሱን በቀጥታ የሚቃወም መድኃኒት አለ፤ ስለዚህም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ለሚኖረው ገበሬ ይህ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚረዳው፣ ምን ያህልስ እንደሚጎዳው በእውነት መርምሮ መናገር ተገቢ ይመስለኛል።

ከነዚህ መድኃኒቶች ዋነኛው ኦሰልታሚቪር ነው፤ በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅዶ «ታሚፍሉ» በሚል የንግድ ስም ዓለምን አዳርሷል። ቫይረሱ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከተራባ በኋላ ከዚያ ተላቅቆ ወደ ሌላው የሚዛመትበትን ኢንዛይም ያግዳል እንጂ የተራባውን አያጠፋም፤ ስለዚህ ሕማሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተወሰደ ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል።

በ2001 ዓ.ም. አዲሱ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ባለጸጋ መንግሥታት ይህን መድኃኒት በብዙ ገንዘብ እየገዙ በየመጋዘናቸው አከማቹ፤ ብሪታንያ ብቻዋን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣች። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ መድኃኒቱ በሰው ላይ የተፈተነባቸው መዛግብት አብዛኞቹ ገና ታትመው አልወጡም ነበር፤ ኮክሬን የተባለው የመርማሪዎች ማኅበር ከብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ጋር ሆኖ ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ ነው ሙሉው መዝገብ የተከፈተው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ መድኃኒቱ ለአዋቂ ሰው የሕመሙን ስሜት ከ7 ቀን ወደ 6.3 ቀን ያሳጥርለታል፣ ማለት ከአንድ ቀን ያነሰ ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ሆስፒታል ከመግባት ያድናል የሚለው ተስፋ ግን በማስረጃ አልጸናም፤ ከሚወስዱትም ጥቂቶቹን ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያስቸግራቸዋል። በሰው ሕይወት ላይ የተደረገ ፈተና በኩባንያ ሣጥን ተቆልፎ ሲቀመጥ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው መንግሥትም ክኒኑን የሚውጠው በሽተኛም በጨለማ እንዲሄዱ መፍረድ ነውና፣ ይህን እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አይገባም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ መድኃኒቱ ከንቱ ነው ማለትም ሌላ ስሕተት ነው፤ በዚያው በ2001 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጊዜ በሆስፒታል ተኝተው የታከሙ ብዙ ሕሙማን በተመረመሩ ጊዜ፣ ቀድመው የጀመሩት ዘግይተው ከጀመሩት ይልቅ የመሞት ዕጣቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማስረጃ በዕጣ ተከፍሎ እንደሚደረግ ፈተና የጸና ባይሆንም የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. መድኃኒቱን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዋና ዝርዝር አውርዶ በሆስፒታል ለተኙ ጽኑ ሕሙማን ወሰነው፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያም ይህንኑ ለጽኑ ሕሙማን በጥንቃቄ መከረ። ኩላሊቱ የደከመ በሽተኛ ግን መጠኑ ሊቀነስለት ይገባል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነውና።

እንግዲህ ወደ ደጋው እንመለስ። ከወንጭትና ከጀማ ወንዞች ገደል ማዶ ያለ ሰው፣ ትኩሳቱ ከያዘው በኋላ ዳማከሴና ጤና አዳም ሞክሮ፣ «ነገ ይሻለኛል» ብሎ አድሮ፣ ከዚያም በቃሬዛ ወይም በበቅሎ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ፣ ያ 48 ሰዓት ያለፈው በመንገድ ላይ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የአየሩ ነገር ነው፤ የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናትና፣ አንድ ሰው በዚያ ሲተነፍስ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ወደ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ የምድጃ ጢስ የጎዳው ሳንባ የሳንባ ምች ሲጨመርበት፣ ሰው በቆላ ተቋቁሞ የሚያልፈው ሕማም በደጋ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ለአንድ የመንዝ ሆስፒታል ከክኒኑ በፊት የኦክሲጅን መሣሪያ ይቅደም እላለሁ፤ ይህንም የምለው መድኃኒቱን ንቄ ሳይሆን፣ ማስረጃው የበለጠ የጸናው ለኦክሲጅን ስለሆነ ነው።

በየገበያው ካለ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው አሞክሳሲሊን የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ቫይረሱን አይነካውም። ኢንፍሉዌንዛ መንገዱን ከፈተለት በኋላ በባክቴሪያ ለሚመጣው የሳንባ ምች ግን፣ በ1911 ዓ.ም.ም ብዙውን ሰው የገደለው እርሱ ነውና፣ ሐኪም ሲያዝዘው ሕይወት ያድናል፤ ለተራ ጉንፋን ሲዋጥ ግን ተሕዋስያኑን ከማለማመድ በቀር የሚያተርፈው የለም።

ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ ከአንድ ቀን ላነሰ ዕረፍት ብሎ በጉን ሸጦ ኦሰልታሚቪር እንዲገዛ መምከርን፣ እኔ ከሕሊናዬ ጋር አላስማማውም። ነገር ግን በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልና በደብረ ብርሃን ለጽኑ ሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን የሚበቃ ጥቂት መድኃኒት በነጻ ይቀመጥ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትንፋሹ የፈጠነውንና ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎደውን ሕፃን በዚያው ቀን እንድትልክ ትታገዝ፤ ሐኪሙም የምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት ሳይጠብቅ መድኃኒቱን እንዲጀምር ይፈቀድለት።